ዛንዚባር ላይ የደሴት ጉዞና ስኖርክሊንግ፦ ቀናችሁን ውሃ እንዳይበላው

ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር የሚበር ሰው በዝቷል። በረራው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ የሰዓት ልዩነትም የለም። ሲመለሱ ስለ አሮጌው ከተማ ስለ ስቶን ታውንና ስለ ነጩ አሸዋ ብዙ ያወራሉ። የጀልባዋ ቀን ስትነሳ ግን ፊታቸው ይቀየራል። አንዱ ከሄደ እስኪመለስ ሲያስመልሰው ውሏል። ሌላዋ ስኖርክሊንግ ላይ (ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ በቱቦ እየተነፈሱ ዓሣ ማየት ነው) ማስኳ ውሃ እያስገባ አንድ ዓሣ እንኳ በቅጡ ሳታይ ወጥታለች። ሌሎቹ ደግሞ በፎቶ ያዩዋት የአሸዋ ደሴት ጋ ሲደርሱ ደሴት የሚባል ነገር የለም፤ ባሕሩ ሞልቶ ውጧታል።

ችግሩ ባሕር ላይ የተፈጠረ ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ነው። ቀን ሲመረጥ፣ ሻጭ ሲመረጥ፣ ማስክ ሲመረጥ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ዝግጅቱ ላይ ይረዝማል። ዋና የማትችሉም እንዳትዘሉት፤ የደጋ ሰዎች ነን፣ ብዙዎቻችን ባሕርን የምናውቀው ከአውሮፕላን መስኮት ነው። ሰዓት የጻፍኩት በእኛው አቆጣጠር ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ጉዞ እንደሚሆናችሁ ወስኑ

ዋና ደሴቲቱ ኡንጉጃ ትባላለች። ከእሷ የሚነሱት የቀን ጉዞዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኛው ሰው የሚሄደው ግን ከሦስቱ ወደ አንዱ ነው።

ናኩፔንዳና ቻንጉ። ቻንጉ ፕሪዝን አይላንድ የሚሏት ናት፤ ግዙፎቹ የአልዳብራ ኤሊዎች ያሉት እሷ ላይ ነው። ናኩፔንዳ ደግሞ ባሕሩ ሲጎድል ብቻ ብቅ የምትል የአሸዋ ደሴት ናት። ሁለቱም ከስቶን ታውን ዳርቻ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ናቸው። ስኖርክሊንጉ መካከለኛ ነው፣ ውሃው ግን ጸጥ ይላል። ለልጅ፣ ለጀማሪና ለማይዋኝ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም።

መናይ ቤይ። በደቡብ ምዕራብ ከፉምባ ይነሳል፣ ቀኑን ሙሉ ነው። በሸራ ጀልባ ትሄዳላችሁ፣ የአሸዋ ደሴት ላይ ትወርዳላችሁ፣ ስኖርክል ታደርጋላችሁ፣ ክዋሌ ደሴት ላይ ምሳ ትበላላችሁ፣ ማንግሮቭ (ባሕር ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) የከበበው ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ ትገባላችሁ። ዳርቻውን እያዩ መዋል ለሚፈልግ ምርጫው ይሄ ነው።

ምነምባ። በሰሜን ምሥራቅ ነው። ኮራሉና (ሕያው የባሕር ድንጋዩና) ዓሣው ከሦስቱ ይበልጣል፤ ውሃው ግን ክፍት ባሕር ነው፣ ይጠልቃል፣ ይገፋል። ደሴቲቱ የግል ስለሆነች እግራችሁ አሸዋዋን አይረግጥም። ጀልባው ከኮራሉ አጠገብ ይቆማል፣ እናንተ ከጀልባው ወደ ውሃ ትገባላችሁ። «ምሳ ምነምባ ደሴት ላይ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ምሳው የሚበላው ማዶ፣ ዋናው ደሴት ዳርቻ ላይ ነው።

መዋኘት የማትችሉ ከሆነ ናኩፔንዳ ሂዱ። ከዋና ይልቅ እይታና ምሳ የሚያጓጓችሁ ፉምባ ሂዱ። ውሃ ውስጥ ዘና የምትሉ ምነምባ ሂዱ። «ሦስቱንም በአንድ ቀን» የሚለውን ጥቅል ተዉት። ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል።

ደረጃ 2፦ ወሩን፣ ከዚያ ጨረቃዋን እዩ

ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ ነው፤ ማሲካ ይሉታል። ውሃው ይደፈርሳል፣ ጉዞ ይሰረዛል። ኅዳር አካባቢ አጭሩ ዝናብ አለ፤ ይመጣል ይሄዳል፣ ያን ያህል አያስቀርም። ከሰኔ እስከ መስከረም ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። አየሩ ደስ ይላል፣ ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ግን ማዕበሉ ይበረታል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ካስካዚ ነው ስሙ። ሞቃት ነው፣ ውሃውም ይሞቃል። ነፋስ በጠናበት ሳምንት ወደ ምነምባ መሄድ ሆድ ይጠይቃል።

ወሩን ሁሉም ሰው ይመርጣል። ቀኑን ግን የሚመርጥ የለም፣ ጉዞ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። ዛንዚባር ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ በምትወጣበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ምሥራቁ ዳርቻ ላይ፣ እነ ማቴምዌና ጃምቢያኒ ጋ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በእግር ብዙ ካልሄዳችሁ ውሃ አታገኙም። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ባለፈው ሳምንት የሄደ ጓደኛችሁ የነገራችሁ ሰዓት ለእናንተ አይሠራም።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ስልካችሁ ላይ «ታይድ ዛንዚባር» ብላችሁ ፈልጉና የጉዞውን ሳምንት የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ አውጡ።
2. ለአሸዋ ደሴት (ናኩፔንዳም ሆነ መናይ ቤይ) ባሕሩ ረፋዱ ላይ ወይም እኩለ ቀን አካባቢ ዝቅ የሚልበትን ቀን ምረጡ። በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ዝቅተኛው ውሃ ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 4 እና 5 ሰዓት አካባቢ ይውላል፤ ጥሩ ነው።
3. ለስኖርክሊንግ ውሃው ሞልቶ ወይም ጎድሎ ቀጥ የሚልበትን ሰዓት ፈልጉ። በሁለቱ መሃል ውሃው ይሮጣል፣ አሸዋም ያነሳል።
4. የመረጣችሁትን ቀን ለአስጎብኚው ላኩና «የዚያን ቀን ባሕሩ የሚጎድለው በስንት ሰዓት ነው?» በሉት። ወዲያው ከመለሰ ሥራውን ያውቃል። «ኖ ፕሮብሌም፣ ሃኩና ማታታ» ብቻ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ወደ አገር የምትመለሱበት ዋዜማ ላይ ይህን ጉዞ አታድርጉ። ነፋስ ተነስቶ ቢሰረዝ መለዋወጫ ቀን ያስፈልጋችኋል። በደረሳችሁ በማግሥቱ ብታስይዙት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ጨርሱ

ሦስት ነገር ነው። ቪዛችሁን በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ቀድማችሁ ጨርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፤ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል፣ ክትባቱም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ሦስተኛው ብዙዎች የሚረሱት ነው፦ ከ2024 ኦክቶበር ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የደሴቲቱን የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት አለበት። ዋጋው 44 ዶላር ነው። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ይሄኛው አይቀርም። ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት ግዙትና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

ፌስታል ይዛችሁ አትሂዱ፤ ክልክል ነው። እርጥብ ልብስ በጨርቅ ቦርሳ ነው የሚያዘው።

ደረጃ 4፦ ጀልባውን የሚያከራየውን ሰው መርምሩ

ስቶን ታውን ውስጥ መንገድ ላይ እየተከተሉ ጉዞ የሚሸጡ ልጆች አሉ። ፓፓሲ ይሏቸዋል። ተግባቢዎች ናቸው፣ ዋጋቸውም ዝቅ ይላል። ግን ብዙዎቹ ደላላ ናቸው፣ ጀልባው የእነሱ አይደለም። ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሄደው አንዱ፣ ጠዋት የሚመጣው ሌላ። ከእነሱ መግዛት ካስፈለገ ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ። በተረፈ ቢሮ ያለው ድርጅት ወይም ያረፋችሁበት ሆቴል የሚያምነው ሰው ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን በዋትስአፕ ጽፋችሁ ጠይቁ። በቃል የተባለ ነገር ዳርቻው ላይ ይተናል።

• ሌላ ሰው ይቀላቀለናል ወይስ ለብቻችን ነው? ጀልባው ላይ ስንት ሰው ይሆናል?
• ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ? የልጅ መጠንስ?
• አስጎብኚው ከእኛ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል ወይስ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል?
• ማስክና ስኖርክል፣ ምሳ፣ የመጠጥ ውሃ፣ ከሆቴል ማመላለሻ፣ የባሕር ጥበቃ ክልል መግቢያ ክፍያ፤ የትኛው ዋጋው ውስጥ አለ?
• ጀልባው ጥላ አለው? መውጫ መሰላልስ?
• በአየር ሁኔታ ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል?

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ድርቅ በሉ። ዋና የማትችሉ ከሆነ «አስጎብኚው ውሃ ውስጥ ይገባል» የሚል መልስ ሳታገኙ አትክፈሉ።

ሰዓቱን በቁጥር አስጽፉ። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነው፤ ጠዋት «ሳአ ታቱ» ካሉ የኛ ሦስት ሰዓት ነው። ከቱሪስት ጋር ሲያወሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ። እኛ ደግሞ ቱሪስትም ነን፣ በዚያ ላይ የኛም ሰዓት እንደነሱ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ «ሁለት ሰዓት» ሲላችሁ የትኛው ሁለት እንደሆነ ሁለታችሁም ላታውቁ ትችላላችሁ። «08:00» ተብሎ ይጻፍ፣ አለቀ።

ደረጃ 5፦ ከአዲስ አበባ ሳትወጡ በአፍ መተንፈስን ተለማመዱ

ስኖርክሊንግ ዋና አይደለም። ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ በአፍ መተንፈስ ነው። ዋና የሚችል ሰውም መጀመሪያ ቀን የሚደናገጠው በዚህ ነው፤ አፍንጫ ይታፈናል፣ አእምሮ «አየር የለም» ይላል፣ ሰውየው ቀና ብሎ ማስኩን ያወልቃል። ይህን ድንጋጤ ጥልቅ ባሕር ላይ መጀመሪያ ከማየት ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አይቶ መጨረስ ይሻላል።

የሆቴል መዋኛ ይበቃል። ላንጋኖም ይሆናል፤ ውሃው ቡናማ ስለሆነ ምንም አታዩም፣ ለመተንፈስ ልምምድ ግን ምንም አይልም። ማስክና ስኖርክል ማግኘት ካልቻላችሁ በዋና መነጽርም ቢሆን ፊት መድፋቱን ተለማመዱ።

1. ደረቅ መሬት ላይ ማስኩን አድርጉ፣ የቱቦውን ላስቲክ ጥርሳችሁ ያዝ አድርጎት ከንፈራችሁ ይክደነው። በአፍ ብቻ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ተንፍሱ። ቴሌቪዥን እያያችሁም ይሆናል፣ ቤተሰብ ይስቅ።
2. ወገብ በሚደርስ ውሃ ቆማችሁ ጎንበስ በሉ፣ ፊታችሁን ብቻ ድፉ። ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ረዘም አድርጋችሁ አውጡ። የሚያስጨንቀው በአብዛኛው አየር ማጣት ሳይሆን ፈጣን ትንፋሽ ነው።
3. ጠርዙን በእጃችሁ ይዛችሁ እግራችሁን ከመሬት አንሱና ተንሳፈፉ።
4. ቱቦው ውስጥ ሆን ብላችሁ ውሃ አስገቡ፣ ከዚያ «ቱ!» ብላችሁ በኃይል ንፉ። ውሃው ከላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ትንፋሽ በጥንቃቄ ሳቡ፤ ትንሽ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።
5. ማስኩን ትንሽ ከፍታችሁ ውሃ አስገቡ፣ ቀና ብላችሁ ከስር ገለጥ አድርጋችሁ አፍስሱት። ሳትደናገጡ እስክትችሉት ድገሙት።

አራተኛውና አምስተኛው ያልተለማመደ ሰው ባሕር ላይ ተራ ነገር አደጋ ይመስለዋል። የተለማመደው ደግሞ አፍስሶ ይቀጥላል።

አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

ደረጃ 6፦ ቦርሳችሁን ማታ አዘጋጁ

በጣም የሚያስፈልገው ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ሹራብ ነው። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስድስት ዲግሪ ብቻ ነው ያለችው፤ ስኖርክል ስታደርጉ ጀርባችሁ ለሰዓት ፀሐይ ላይ ነው፣ ውሃው ስለሚያቀዘቅዛችሁ ግን አይታወቃችሁም። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚል ካለ ማታ በጀርባው መተኛት ሲያቅተው ይነግራችኋል። ሹራብ ካጣችሁ አሮጌ ቲሸርት ልበሱ። ሹራቡ የማይሸፍነውን አንገት፣ እግርና ጆሮ ሰንስክሪን ቀቡ፤ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ለኮራሉም ይሻላል።

የውሃ ጫማ ያዙ። የባሕር ጃርት እሾህ ቀጭን ሰንደል አይመልሰውም። ፎጣ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ለስልክ ውሃ የማያስገባ መያዣ፣ ለየአንዳንዳችሁ ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ትንንሽ የሽልንግ ኖቶች። ዳርቻው ላይ ኤቲኤም አትፈልጉ፣ ከተማ ሳላችሁ አውጡ። ወርቅና ፓስፖርት ሆቴል ይቅሩ። ሴቶች ከዋና ልብሱ በላይ የምትደርቡት ካንጋ ወይም ሻርፕ ያዙ፤ አገሩ የሙስሊም አገር ነው፣ መንደር ውስጥና ስቶን ታውን ውስጥ በዋና ልብስ መሄድ ነውር ነው። ወንዶችም ሸሚዛችሁን ልበሱ።

ደረጃ 7፦ ጠዋት፣ ከሆቴል ሳትወጡ

ቁርስ ብሉ፣ ግን ቀለል አድርጉት። ባዶ ሆድ እንደ ጠገበ ሆድ ያስመልሳል። ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሻይ ይበቃል። እንቁላል በዘይትና ትልቅ ማኪያቶ ለነገ ይቆይ። ማታ የጠጣም ይጠንቀቅ።

የባሕር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ጀልባው ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይውሰድ። ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ መዋጥ ዋጋ የለውም፣ መልሶ ይወጣል። እንቅልፍ የሚያመጡ ስላሉ ፋርማሲ ስትገዙ «ውሃ ውስጥ ልገባ ነው» ብላችሁ ጠይቁ። የዝንጅብል ነገርም አንዳንዱን ይረዳዋል።

ሰንስክሪኑን ሆቴል ሳላችሁ ተቀቡ። ጀልባ ላይ የተቀባ ግማሹ መቀመጫው ላይ ይቀራል፣ ግማሹ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 8፦ ዳርቻው ላይ አትቸኩሉ

ማስኮቹ አንድ ሳጥን ውስጥ ተከምረው ይቀርባሉ። ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን አንስቶ ይሄዳል። እናንተ አምስት ደቂቃ ውሰዱ።

ማስኩን ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አስጠግታችሁ በአፍንጫ ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ፊታችሁ ላይ ከተጣበቀ የእናንተ ነው። ከወደቀ ወይም አየር ከሳበ መልሱት፣ ሌላ ሞክሩ። በላስቲኩና በቆዳችሁ መሃል ፀጉር እንዳይገባ፤ አንዲት ክር ፀጉር ቀኑን ሙሉ ውሃ ታስገባለች። ሹሩባ የተሠራችሁ ግንባር ላይ የሚወርደውን ወደ ኋላ ሰብስቡ፣ ቋጠሮውንም ዝቅ አድርጉት፤ ማሰሪያው ከቋጠሮው በላይ ይውላል። ጺማም ወንዶች፣ ከአፍንጫችሁ በታች ያለውን ጠዋት ብትላጩት ይሻላል። ማሰሪያውን ጥብቅ ማድረግ መፍትሔ አይደለም፤ የማይሆን ማስክ ሲጠብቅ ይበልጥ ያፈሳል፣ ራስም ያሳምማል።

ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን ዓይነት ለጀማሪ አልመክርም። ችግር ሲመጣ ቶሎ አይወልቅም።

ላይፍ ጃኬቱን ልበሱና ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሯችሁ ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው፣ ቀይሩ። ዘለበቱን ቆልፉ፣ የተሰበረ ከሆነ አትቀበሉ። «ውሃው ጥልቅ አይደለም» ቢሏችሁም ልበሱት።

ከዚያ ለአስጎብኚው በግልጽ ንገሩት፦ ዋና አልችልም። ማፈር የለም። ሲያውቅ ብቻ ነው የመንሳፈፊያ ቀለበት ይዞ ከጎናችሁ የሚሆነው።

ደረጃ 9፦ ጀልባ ላይ

ከመሃል ወደ ኋላ ተቀመጡ። ፊት ለፊት ያለው ለፎቶ ጥሩ ነው፣ ግን ማዕበሉ ሲመታ የሚዘለው እሱ ነው። የሞተሩ ጭስ የሚመጣበትን ጎን ደግሞ ሽሹ፤ ብዙ ሰው የሚያስመልሰው ከማዕበሉ ይልቅ በጭሱ ነው። ዓይናችሁ ሩቅ ያለው መሬት ላይ ይሁን። ስልክ አታንብቡ።

እይታው የሚያምረው ስትሄዱ ነው፤ ስትመለሱ ሁሉም ያንቀላፋል። ከስቶን ታውን የተነሳችሁ እንደሆነ ጀልባው ሲርቅ ዞር በሉ፣ ያረጁት ነጫጭ ሕንፃዎችና አሮጌው ምሽግ በአንድ መስመር ይታያሉ። በሰሜን ጫፍ ካለችው ኑንግዊ ወደ ምነምባ የምትሄዱ ደግሞ ዳርቻው ላይ በእጅ የሚሠሩ የእንጨት ጀልባዎችን፣ ከዚያ የመብራት ማማውን፣ ከዚያ ባሕሩ ከስር የበላውን የኮራል ድንጋይ ገደል ታያላችሁ። መናይ ቤይ ላይ ማንግሮቩን ለማየት ባሕሩ ሞላ ሲል መግባት ያስፈልጋል፤ ሰዓቱን ካፒቴኑ ያውቀዋል፣ አታጣድፉት። ወደብና የወታደር ግቢ ፎቶ አታንሱ። ሰው ስታነሱ አስፈቅዱ።

ካቅለሸለሻችሁ ነፋስ ወደሚሄድበት ጎን ሂዱ፣ ጠርዙን ያዙ፣ አውጡት። ማንም አይገርመውም። ጀልባው ከቆመ በኋላ ማቅለሽለሹ ይብሳል፤ ያኔ ካፒቴኑን ጠይቃችሁ ቶሎ ውሃ ውስጥ መግባት ብዙዎችን ያድናል።

ዶልፊን ከታየ ጀልባዎች ሁሉ ግር ብለው ሊያሳድዱ ይችላሉ። ካፒቴናችሁ እንዳያሳድድ ንገሩት። ርቆ ሞተር ቀንሶ ከቆመ ራሳቸው የሚመጡበት ጊዜ አለ፤ ከተባረሩ ግን ይጠልቃሉ፣ የምታዩት አረፋ ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 10፦ ውሃ ውስጥ መግባት

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ።

1. ማስኩን ውስጡን በጥቂት የሕፃን ሻምፑ ወይም በምራቅ አሹት፣ አንዴ ብቻ በባሕር ውሃ ለቅለቅ አድርጉ። እንዳይጤስ ነው። ከዚያ በኋላ መስታወቱን በጣት አትንኩ።
2. ላይፍ ጃኬት ቆልፉ፣ ማስክ አድርጉ፣ ቱቦውን አፍ ውስጥ አስገቡ። ፊን (እግር ላይ የሚደረግ መቅዘፊያ) ካለ መጨረሻ ላይ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጣችሁ አድርጉ፤ ፊን አድርጎ ጀልባ ላይ የሚራመድ ይወድቃል።
3. ሞተሩ መጥፋቱን አረጋግጡ። ሳይጠፋ አትግቡ።
4. አስጎብኚው ቀድሞ ይግባ። እናንተ በመሰላሉ ውረዱ፣ አትዝለሉ።
5. መሰላሉን ወይም ገመዱን እንደያዛችሁ ፊታችሁን ድፉና ትንፋሻችሁ እስኪረጋጋ ቆዩ። ሌሎቹ ቢሄዱም ቆዩ። ይቺን የሚዘል ሰው ነው በሁለተኛው ደቂቃ ተመልሶ ጀልባ ላይ የሚወጣው።
6. ከተረጋጋችሁ ልቀቁ። መዋኘት አያስፈልግም፣ ተንሳፈፉ። እግራችሁን ከዳሌ ጀምሮ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ፣ እጃችሁን ሰብስቡ።
7. በመጀመሪያ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሂዱ። ሲደክማችሁ ውሃው ራሱ ወደ ጀልባው ይመልሳችኋል።
8. በየጥቂት ደቂቃው ቀና በሉና ጀልባውንና ጓደኛችሁን እዩ። ዓሣ እየተከተሉ መራቅ ቀላል ነው።

ነገር ሲበላሽ

ውሃ ጉሮሮ ውስጥ ገባ። ወደ ላይ ቀና በሉ፣ ቱቦውን ትፉት፣ ላይፍ ጃኬቱ ይዟችኋል፣ ሳሉ። ማስኩን አታውልቁ። ሳሉ ሲያቆም ቀጥሉ።

ድንጋጤ መጣ። በጀርባችሁ ተገልበጡ፣ ሰማይ እዩ፣ በአፍ ተንፍሱ። እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አውለብልቡ። አስጎብኚው ቀለበት ይዞ ሲመጣ እሱን ሳይሆን ቀለበቱን ያዙ፤ ሰው ላይ የሚጠመጠም ሁለቱንም ያሰምጣል።

እግር ተኮማተረ። በጀርባችሁ ሆናችሁ የእግራችሁን ጣቶች ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ካልለቀቀ ውጡ፣ ውሃ ጠጡ።

ውሃው እየወሰዳችሁ ነው። አትታገሉት። ተንሳፈፉ፣ እጅ አንሱ፣ ጀልባው ይምጣላችሁ። መምጣት ሥራው ነው።

የባሕር ጃርት ረገጣችሁ። ቆማችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፣ ጀልባ ላይ ውጡ። ጎልቶ የሚታየውን በወረንጦ አውጡ፣ ጠልቆ የተሰበረውን በመርፌ አትቆፍሩ። ማታ እግራችሁን መቋቋም በምትችሉት ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። የአገሬው ሰው የፓፓያ ወተት ይቀባበታል፤ ነጭ ጋዝ የሚያቀርብላችሁም አይጠፋም፣ እሱን እምቢ በሉ። መገጣጠሚያ ላይ ከገባ ወይም ካበጠ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ስቶን ታውን ያለው ዋናው የመንግሥት ሆስፒታል ምናዚ ምሞጃ ነው።

ጄሊፊሽ ነካችሁ። በባሕር ውሃ እጠቡት፣ በንጹሕ ውሃ አይሁን፣ አትሹት። ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

ኮራል ላይ አትቁሙ። ሕያው ነው፣ ይሰበራል፣ እግርንም ይቆርጣል፤ ቁስሉ ለመዳን ይዘገያል። የአሸዋ ደሴት ላይ ኮከብ ዓሣ አንስቶ ለፎቶ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ አትቀበሉ። ከውሃ ሲወጣ ይጎዳል። ፎቶውን ውሃ ውስጥ እንዳለ አንሱት።

ደረጃ 11፦ ምሳ

የባሕር ምግብ ይቀርባል፦ ዓሣ፣ ኦክቶፐስ፣ ካላማሪ፣ አንዳንዴ ሎብስተር። ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን የማትበሉ ሁሉ አስቀድማችሁ «ዓሣ ብቻ» በሉ፤ ጥብሱ አንድ ፍርግርግ ላይ ስለሚሠራ ለብቻ እንዲደረግላችሁም ጠይቁ። ጾመኞች አትቸገሩም። የኮኮናት ሩዝ፣ ባቄላና ፍራፍሬ አለ፣ ግን ሲመዘገቡ መናገር ነው፤ ደሴት ላይ ከደረሱ በኋላ ማዕድ ቤት የለም። ከምሳ በኋላ ሁለተኛ ስኖርክል ካለ ግማሽ ሰዓት ያህል አረፍ በሉ። ቢራው ከሁለተኛው በኋላ ይሁን።

ደረጃ 12፦ መመለስና ማታ

ከመነሳታችሁ በፊት ሰው ቁጠሩ። ካፒቴኑ ይቆጥራል ብላችሁ አትተዉት። ደረቅ ልብስ ልበሱ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ውሃ ይረጫል፣ እርጥብ የሆነ ሰው ምድር ወገብ ላይም ይበርደዋል። ከተስማማችሁት ውጪ ተጨማሪ ክፍያ ከጠየቋችሁ የዋትስአፑን መልእክት አሳዩ፣ በትህትና። ጉርሻ ለውሃው አስጎብኚ ለብቻው፣ በእጁ ስጡት።

ሆቴል ስትደርሱ ጨዉን ታጠቡ፣ ውሃ ጠጡ፣ የተቃጠለ ቦታ ካለ አቀዝቅዙ እንጂ ቅቤም ዘይትም አትቀቡ። በማግሥቱ መብረር ለስኖርክል ችግር የለውም። ታንክ ተሸክማችሁ ከጠለቃችሁ ግን ሌላ ነው፤ ከመብረራችሁ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ፣ የምታርፉበት ቦሌም ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ጆሮ ውስጥ ውሃ ከቀረ ጭንቅላትን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ጆሮን ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነው፤ የጥጥ እንጨት አታስገቡ። በማግሥቱም የሚያም ወይም የሚያፈስ ከሆነ አውሮፕላን ላይ ከመውጣታችሁ በፊት አሳዩት።